ለሮቦት ብላችሁ ቤት አትሽጡ

«የምግብ ቧንቧ ካንሰር በሮቦት ካልተሠራ ዋጋ የለውም» የሚለው ወሬ ሰልችቶኛል። ሰው ቤቱን ሊሸጥ ይነሳል እኮ!

እስቲ ጥናቶቹን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2012 በላንሴት የወጣው የአውሮፓ ጥናት 115 ሕሙማንን አወዳደረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሳንባ ኢንፌክሽን የያዛቸው፣ ደረታቸው ተከፍቶ ከተሠሩት 29 በመቶ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ከተሠሩት 9 በመቶ ናቸው። የ2019ኙ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ ሆዱን ብቻ በላፓራስኮፒ ሠርቶ፣ ደረቱን እንደ ድሮው ከፍቶ፣ ከባድ የጤና መዘዙን ከ64 ወደ 36 በመቶ አወረደው። ሮቦት የሚባል ነገር የለበትም!

ሮቦት መጥፎ ነው አላልኩም። ቻይናዎች ከቀዳዳው ቀዶ ሕክምና ጋር ሲያወዳድሩት ሥራውን ቶሎ ጨርሷል፤ መዘዙ ግን ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ስለ ማሽኑ ሳይሆን ሐኪሙን «ይህን ኦፕራሲዮን በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ? ፅኑ ሕሙማን ክፍልስ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ የሚብሰው መዘግየት ነው። በሽታው በሚበዛበት አርሲና ባሌ ብዙው ሰው የሚመጣው ውሃ እንኳ አልወርድ ሲለው ነው። ያኔ የትኛውም ቢላ አይደርስለትም። እንጀራ መተናነቅ የጀመረው ሰው ዛሬውኑ ኢንዶስኮፒ ይታይ። ጩኸታችን ለዚህ ይሁን!