ከመዝገብ የጠፋው ሰው እንጦጦ ላይ ነው

ግልጽ ደብዳቤ ለአንባቢ



ጉለሌን ከላይ እስከ ታች የሚያውቃት ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከላይ፣ ከባሕር ዛፉ መሃል፣ እንጦጦ ማርያም አለች፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉባት፣ ዛሬ ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ ሕመምተኛ ጠበሏን ብሎ የሚመጣባት ደብር። ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ የሳንባ ነቀርሳ በተነሣ ቁጥር ስሙ የሚነሣው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ይገኛል። ከዚያም ዝቅ ብሎ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» በሚለው ሰፈር፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ የአገሪቱን የጤና መረጃ የሚተነትነው ብሔራዊ የመረጃ አስተዳደር ማዕከልም በዚሁ ኢንስቲትዩት ሥር ነው። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ያክማል፣ አንዱ ይቆጥራል። አንድ ሰው በሦስቱም ፊት ሊያልፍ ይችላል፤ ሦስቱ ስለዚያ ሰው የሚያውቁት ግን ለየቅል ነው።

የምጽፍልዎ ስለዚሁ ነው። ተቋማት የመረጃ ሥርዓት ሲዘረጉ አብዝተን የምንሰማው ስለ ፍጥነትና ስለ ብዛት ነው፤ ሪፖርቱ በስንት ቀን እንደደረሰ፣ ስንት ጤና ጣቢያ በኔትወርክ እንደተገናኘ። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ከአንዱ ተቋም ወጥቶ ሌላው ጋ ገና ያልደረሰው ሰው ነው።

አንዲት ሴት እናስብ። ቤቷ ደብረ ታቦር ነው፤ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመረች ሰንብታለች። አንድ ቀን ለጤና ጣቢያውም ለማንም ሳትናገር ተነሥታ ወደ እንጦጦ ትመጣለች፤ ከደብሩ አካባቢ ቤት ተከራይታ በየማለዳው ትጠመቃለች። ደብረ ታቦር ላይ የቀጠሮዋ ቀን ያልፋል። ክትትሏን የያዘው ባለሙያ፣ ኬዝ ማናጀሯ፣ ይደውላል፤ ስልኳ ዝግ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ቀጠሮው ካለፈ 28 ቀን ሲሞላ ታካሚው ከክትትል እንደጠፋ ይቆጠራል፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ «ሎስት» የሚሉት ይህንን ነው። ወሩ ሲዘጋ እሷ አንድ ቁጥር ሆና ከጤና ጣቢያው ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ጤና ሚኒስቴር ትወጣለች። በመጨረሻም ፓስተር ኮምፒዩተር ላይ ትታያለች፤ ጠበል ከምትጠመቅበት ቦታ የጥቂት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ብቻ በሚለየው ግቢ ውስጥ፣ «ጠፋች» ተብላ። አጥማቂው ካህን ግን በየጠዋቱ ያይዋታል።

ይህ ታሪክ እንጦጦ ላይ ሥር አለው። በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነበር፤ ዘውዲቱ ሆስፒታል ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ ሆነ። ያን ጊዜ ግን እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ ተስፋውን የጣለ ብዙ ሕመምተኛ ነበር፤ መድኃኒቱን መዋጥ እምነት ማጉደል የመሰለው፣ የጀመረውንም አቋርጦ የመጣው ጥቂት አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልንና መድኃኒትን አብሮ መውሰድ ከእምነት ጋር እንደማይጋጭ በአደባባይ አስታወቁ። ይህ ቃል የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ ቆጥሮ ማወቅ አይቻልም፤ ከአንድ ሺሕ ፖስተር በላይ ሠርቷል ብዬ ግን አምናለሁ። የቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና የክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም በኤችአይቪ ላይ ለዓመታት ሠርቷል። እንግዲህ ሃይማኖቱና ሕክምናው በቃል ታርቀዋል። በእኔ እይታ ያልታረቀው መዝገባቸው ነው።

መዝገቡ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳዎ፤ ትንሽ ይታገሡኝ። ነርሷ በክፍሏ የምትመዘግበው በስምና በካርድ ቁጥር ነው። የወሩ ሥራ የሚቆጠረው ከአንዱ ወር 21 ቀን እስከ ተከታዩ ወር 20 ቀን ነው፤ በእኛው ዘመን አቆጣጠር። ከመዝገቡ ላይ ተደምሮ ወደ ላይ የሚላከው ግን ስም ሳይሆን ድምር ነው፤ ስንት ሰው ጀመረ፣ ስንት ሰው ቀጠለ፣ ስንት ሰው ጠፋ። ይህ ድምር የሚገባበት ዲኤችአይኤስ ቱ የሚባለው ሥርዓት መነሻው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከአፓርታይድ ማግሥት በዘር ተከፋፍሎ የነበረውን የጤና አገልግሎት አንድ ላይ ለማየት የተጀመረ ሥራ ነበር። ኋላ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አሳደገው፤ በነጻ ስለሚሰጥ ዛሬ ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። እኛ ስንወስደው ጳጉሜን ያለበትን የራሳችንን ካላንደር እንዲቆጥር ተደርጓል። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ መሣሪያው ወደ እኛ ቀርቧል እንጂ እኛ ለመሣሪያው ስንል ዘመናችንን አልተውንም።

ጤና ጣቢያዎች የላኩት ቁጥር ትክክል መሆኑን የሚያጣሩበት መንገድም አላቸው። የአፈጻጸም ክትትል ቡድኑ በየወሩ ይሰበሰባል፤ ከሪፖርቱ 12 የመረጃ ዓይነቶችን በዕጣ አውጥቶ እያንዳንዱን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ጥሩ አሠራር ነው፤ ይህን በትጋት የሚሠሩ የጤና መረጃ ባለሙያዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ምን ከምን ጋር እንደሚመሳከር ያስተውሉልኝ። ወረቀት ከኮምፒዩተር ጋር ነው። መዝገቡ «ጠፋች» ካለ፣ ሪፖርቱም «ጠፋች» ካለ፣ ሁለቱ ተስማምተዋልና የመረጃ ጥራቱ መቶ በመቶ ነው። ሴትየዋ እንጦጦ ላይ መሆኗ ከዚህ ማመሳከሪያ ውስጥ የለም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ይህችው ሴት ከሁለት ወር በኋላ ሲደክማት ጉለሌ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ብትሄድስ? የዝውውር ወረቀት የላትም። መድኃኒት አቋርጬ ነው ብላ እንዳትናገር ቁጣውን ትፈራለች፤ ስለዚህ አዲስ ነኝ ትላለች። አዲስ ተብላ ትመዘገባለች። ደብረ ታቦር ላይ አንድ ሰው ጎደለ፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው ተጨመረ። ሁለቱም ሪፖርት እውነተኛ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ግን የሚናገሩት ያልሆነውን ነው። ስም የሌለው ድምር ሁለቱ አንድ ሴት መሆናቸውን ሊያውቅ አይችልም። ስም ያለበት የኮምፒዩተር መዝገብ በሥራ ላይ የዋለባቸው ሆስፒታሎች አሉ፤ ከዛምቢያ የመጣው ስማርት ኬር አንዱ ነበር። እሱም ቢሆን የሚያውቀው የራሱን ግቢ ሰው ነው።

ከቁጥሩ ስሕተት የሚከፋው የሐኪሙ አለማወቅ ነው። ቀድሞ ምን መድኃኒት ትወስድ እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንዳቋረጠች ሳያውቅ ያዝላታል። የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ በአገራችን ሕክምና የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. በእነሱ ግቢ ነው፤ ያኔ ሕክምናው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጅ ነበር። ተራው የሳንባ ነቀርሳ በስድስት ወር የሚድን በሽታ ነው። የስድስት ወሩ መድኃኒት ሲቆራረጥ ጀርሙ ይለምደዋል፤ ሁለት ጤና ጣቢያዎች ስላልተነጋገሩ የተፈጠረው ክፍተት በሰው ሳንባ ውስጥ ሌላ በሽታ ሆኖ ይወጣል። የመረጃ መቆራረጥ የቢሮ ጉዳይ ብቻ ለሚመስለው ሰው የማሳየው ይህንን ነው።

ቤት ለቤት የሚደረግ ጥናትስ ክፍተቱን አይሞላም? በከፊል ይሞላል። ኢንስቲትዩቱ በ2010 ዓ.ም. በከተሞች ባካሄደው ሰፊ የኤችአይቪ ጥናት፣ ቫይረሱ በደማቸው ካለ አዋቂዎች መካከል ራሳቸውን የሚያውቁት ከመቶ 79 ነበሩ፤ ራሳቸውን ካወቁት ከመቶ 97ቱ መድኃኒት ላይ ነበሩ። ታላቁ ክፍተት ከመመርመር በፊት ያለው እንደሆነ ያወቅነው ከዚህ ነው፤ የጤና ጣቢያ መዝገብ ብቻውን አይነግረንም ነበር። ይሁንና ጥናቱ የሚያንኳኳው የቤት በር ነው። ቤቱን ትቶ ጠበል የሰነበተ ሰው በየትኛው በር ይገኛል?

በኡጋንዳዋ ምባራራ ከተማ ተመራማሪዎች ያደረጉት ነገር እዚህ ላይ ይረዳናል። ከክትትል የጠፉትን ሁሉ ልፈልግ ማለት አቅም ይጨርሳል። እነሱ ከጠፉት መካከል ጥቂቶቹን በናሙና መረጡና ሰው ልከው በየቀያቸው ፈለጉ። ከፊሎቹ ሞተው ተገኙ፤ ሌሎቹ ደግሞ በሕይወት ነበሩ፣ ብዙዎቹም ሌላ ክሊኒክ ሕክምናቸውን ይከታተሉ ነበር። በዚያ ጥቂት ናሙና የጠቅላላውን ግምት አረሙት። ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ የጎደለውን ለማወቅ ሁልጊዜ አዲስ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ጥቂት ሰዎችን በእግር መፈለግ በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለእኛ ደግሞ ፍለጋው የት መጀመር እንዳለበት ይታወቃል። በእንጦጦ ማርያም፣ በሽንቁሩ ሚካኤልና በጻድቃኔ ማርያም ጠበሎች የጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ካህናቱን አስፈቅዶ፣ ስም ሳይጠይቅ፣ ከየት እንደመጡና መድኃኒታቸው መቼ እንደሚያልቅ ብቻ ፈቃደኞችን ቢጠይቅ የብዙ ወረዳ ሪፖርት ይታረማል።

ስም ሳይጠይቅ ያልሁት በምክንያት ነው። ዛሬ ባለ 12 አኃዝ የፋይዳ ቁጥር አለን፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ 1284 በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል። ቁጥሩ ከሕክምና ካርድ ጋር ቢያያዝ የደብረ ታቦሯ ሴት ጉለሌ ላይ በአንድ ደቂቃ ትታወቃለች። ይህን እመኛለሁ፤ እፈራዋለሁም። ጎረቤት እንዳያያቸው ሲሉ ከቤታቸው አጠገብ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፈው ሁለት ታክሲ ይዘው የሚታከሙ ሰዎች አሉ። ለእነሱ አለመታወቅ የሕክምናው አካል ነው። ስማቸው በየግቢው እንደሚታይ ከጠረጠሩ ከጉለሌም ከደብረ ታቦርም ይቀራሉ፤ ሰውን ለማግኘት የተሠራው ሥርዓት ሰውን ያሸሻል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ 1321 በ2016 ዓ.ም. ሲወጣ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ወገን መድቦታል። እኔ የማምነው መያያዙ በታካሚው ፈቃድ መሆን እንዳለበት ነው፤ ማን መቼ እንደከፈተው የሚመዘገብበት፣ እምቢ ላለም ሕክምናው የማይጓደልበት። ካርድ ክፍል ቁጭ ያለው ሁሉ የሚያየው ከሆነ ባይያያዝ ይሻላል።

ይህ ጉዳይ የጠበል ብቻ እንዳይመስልዎ። በሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ መዝገብና ኮምፒዩተር አብሮ ጠፍቷል። ቀዬውን ለቆ የወጣው ሕመምተኛ ማስረጃው ራሱ ነበር፤ የሚያስታውሰው የክኒን ቀለም፣ አንዳንዴም ባዶ ብልቃጥ። የተፈናቀለ ተማሪም የክፍል ውጤቱ ያለው ተዘግቶ በቀረ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የትኛውም ተቋም መረጃ ሲሰበስብ ሰው ባለበት ይቆያል ብሎ ነው፤ የእኛ ሕዝብ ደግሞ በጠበልም፣ በሥራ ፍለጋም፣ በጦርነትም ይንቀሳቀሳል።

ስለዚህ እርስዎ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚቀበሉ ሰው ከሆኑ፣ «ጠፉ» የሚለው ቁጥር ከፍ ብሎ ባዩ ጊዜ ለላከው ጤና ጣቢያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት የት ሄዱ ብለው ይጠይቁ። ደብዳቤ የፈራ ሠራተኛ በሚቀጥለው ወር ቁጥሩን ዝቅ ያደርግልዎታል፤ ሰዎቹ ግን አይመለሱም። ነርስ ከሆኑ፣ አቋርጦ የመጣን ሰው አይቆጡ፤ የተቆጡት ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ አዲስ ነኝ ይላል። አባቶች ካህናት፣ እናንተን የምለምነው ስታጠምቁ መድኃኒትህን ይዘሃል ወይ፣ መቼ ያልቃል ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው፤ የእናንተ ጥያቄ የሚሰማውን ያህል የእኛ አይሰማም።

እርስዎም ወደ ጠበል የሚሄድ ዘመድ ካለዎት፣ ከመነሣቱ በፊት ጤና ጣቢያው ጋ አብረውት ይሂዱ። የሚቆይበትን ጊዜ ይንገሩ። ሁኔታው የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስድበት አሠራር በአገራችን በሥራ ላይ ከዋለ ዓመታት አልፈዋል፤ ለእሱ ይሆነው እንደሆነ ይጠይቁ። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ የዝውውር ወረቀት ያጽፉለት፤ የመድኃኒቱ ስም፣ የጀመረበት ቀንና የካርድ ቁጥሩ ይኑርበት። አዲስ አበባ እንደገባም ወረቀቱን ለሚታከምበት ጤና ጣቢያ ይስጥ፤ መድረሱንም ወደ መጣበት ደውሎ ያሳውቅ።

አክባሪዎ፣
ከጉለሌ