ሞተሯ ከመውረዱ በፊት

በዚህ ወር የማወራችሁ ስለ ቮልስ ነው። ክብ ጀርባዋ ከሩቅ ስለሚታወቀው፣ ድምጿ ከመንገድ ማዶ ስለሚለየው ስለዚያችው ቮልስዋገን። ከእናንተ መካከል የአባቱ ወይም የአያቱ ቮልስ ግቢው ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍና የቆመችለት ሰው ጥቂት እንደማይሆን እገምታለሁ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ፣ አንድ ዕቃ ዘመኑ ካለፈ በኋላም ለምን ተወዳጅ ሆኖ እንደሚቆይ መጠየቅ ልማዴ ነው። የቮልስ ምስጢር ብዙም አይርቅም። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ አሠራሯም ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፑኤብላ ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በእኛ አገር ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ያለችውን አድሶ መያዝ ትርፉ ትዝታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

እናም እሑድ ጠዋት በየግቢው አንድ ሐሳብ ይነሳል፦ "ለምን ሞተሯን እኛው አናወርደውም?" ፍሪሲዮን ሲያልቅ ወይም በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ዘይት ሲያንጠባጥብ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙት ማሰሪያዎች ደግሞ አራት ብቻ ናቸው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ልምድ ያለው ሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊያወርደው ይችላል።

የሚያዘናጋውም ይኸው ቅለቱ ነው። በዚህ ሥራ ሰው የሚጎዳው አራቱን መፍታት አቅቶት አይደለም። የሚጎዳው መኪናዋ በምን ላይ እንደቆመች፣ ቤንዚኑ ወዴት እንደሚፈስና ልጆቹ የት እንዳሉ አስቀድሞ ስላልታሰበ ነው።

መኪናዋ በምን ላይ ቆማለች?

የአብዛኞቹ መኪኖች ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወደ ላይ ይወጣል። የቮልስ ግን ከኋላ ወደ ታች ይወርዳል፤ "ሞተር ማውረድ" የሚለው አባባላችን ለእሷ የተሰፋ ይመስላል። ስለዚህ ሞተሩ ከሥር ተንሸራትቶ እንዲወጣ የኋላ ፓራውልቷ ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ከእንዲህ ያለች መኪና ሥር ሰው ይተኛል ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። የእጅ ፍሬኗ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ማርሽ ውስጥ ብትተዋትም የሚያዘው እነዚያኑ ጎማዎች ነው። የኋላው አየር ላይ ሲንጠለጠል ሁለቱም ዋጋ የላቸውም፤ መኪናዋ በፊት ጎማዎቿ ልትንከባለል ትችላለች። ስለዚህ ክሪኩ ከመነካቱ በፊት ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ጠንካራ ታኮ ይደረግላቸው። ወለሉ ደረቅና ደልዳላ ሲሚንቶ ይሁን። ተዳፋት ኮብልስቶን ወይም ዝናብ ያራሰው አፈር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ አልፋ ዘይቱ ከሸሸ ጭነቱ ወዲያው ይወርዳል። መኪናዋ መቀመጥ ያለባት በሁለት የብረት መቆሚያዎች ላይ ነው፤ ቦታቸውም የኋላ እግሮቿ የተያያዙበት ወፍራሙ አግድም ቱቦ ነው። መቆሚያው ቁመቱ ካልደረሰ ረጅም ይዋሱ ወይም ይከራዩ። ከሥሩ ድንጋይ አይደርድሩ። ብሎኬትማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። ሰው ከመግባቱ በፊት መኪናዋን ከጎን ገፋ አድርጋችሁ ነቅንቋት። የምትወድቅ ከሆነ ያኔ ትውደቅ።

ቡናው በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ይፈላ

ሞተሩ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ይደር። ጠዋት መጀመሪያ የሚፈታው ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪ ነው፤ አሉታዊው ገመድ ይቀድማል። ቀጥሎ ቤንዚኑ ነው። መያዣው ከፊት፣ ከቧንቧው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ሲነቀል ቤንዚኑ ሳይቆም በራሱ ይፈስሳል። ጎማው ከመነቀሉ በፊት በመቆንጠጫ ይያዝ፤ ሲነቀልም ጫፉ ወዲያው ይደፈን።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ በኖ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል። የከሰል ምድጃ ወይም የዕጣን ማጨሻ ላይ ከደረሰ እሳቱ ተመልሶ ወደ መኪናዋ ይመጣል። ስለዚህ በዚያ ቀን ቡናው ጎረቤት ይፈላ። ሲጋራም ከበር ውጭ ይቅር። ከመኪናዋ ሥር ለማየት በሽቦ የተንጠለጠለ አምፖል አትጠቀሙ፤ ቢሰበር ብልጭታው ይበቃል። የእጅ ባትሪ ይሻላል።

የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከመኪናዋ ሥር ሳይሆን ከሠራተኛው አጠገብ፣ መውጫው በኩል ይቀመጥ። ውኃ ግን አይደፋም። ቤንዚን ውኃ ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋል። ከዚህም በላይ የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዥየም የሚበዛበት ቅይጥ ነው፤ ማግኒዥየም ሲነድ ውኃ ቢያገኝ ይብስበታል። ደረቅ አሸዋ በባልዲ አዘጋጁ። እሳቱ ከእጅ ካመለጠ ሰውን አውጡና አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አንድ ኩንታል የሚያልፍ ሸክም

ሞተሩ 110 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለት ጎረምሶች "እኛ እንቀበለዋለን" ቢሉ አትስሟቸው። የሚቀበለው ጠፍጣፋ ጣውላ የተደረገበት ባለ ጎማ ክሪክ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ሁለት ሊትር ተኩል የሚሆነው ዘይት ይቀዳል። ወደ ዲናሞው፣ ወደ ኮይሉና ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄዱት ሽቦዎች፣ የቤንዚን መስጫው ገመድና የማሞቂያው ቱቦዎች ይለቀቃሉ። እያንዳንዱ ሽቦ ከመነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳና በፕላስተር ይሰየም። ከዚያ የታችኞቹ ሁለት ዳዶዎች ይፈታሉ። ክሪኩ ሞተሩን ከሥር ነክቶ ክብደቱን ሲይዝ፣ ያኔ ብቻ የላይኞቹ ይፈታሉ።

አሁን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሞተሩ በቀጥታ ወደ ኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል መሳብ አለበት፤ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ። ከዚያ በፊት ዝቅ ማድረግ ክብደቱን በዘንጉ ላይ መስቀል ነው፤ ዘንጉም ፍሪሲዮኑም ይበላሻሉ። እምቢ ካለ ያልተፈታ ነገር አለ ማለት ነውና አትታገሉት፤ ፈልጉ። ሲወርድ ማንም ሰው እጁንም እግሩንም ከሥሩ አያድርግ። ከወጣ በኋላ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል መቆሚያዎቹና ታኮዎቹ እንደገና ይፈተሹ።

አዛዥ አንድ ሰው ነው

የአባቴ ቮልስ ፍሪሲዮን ሲያልቅ ሥራው የተሠራው ግቢያችን ውስጥ ነው። ለዓመታት የሚያውቃትን መካኒክ ለአንድ ቀን ጠራነው። አባቴ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ቱታቸውን ለብሰው ነበር የጠበቁት። መካኒኩ በአክብሮት ግን በቁርጥ እንዲህ አላቸው፦ "ጋሼ፣ ከሥር የሚገባው አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። እርስዎ ሽቦዎቹን ይያዙልኝ።"

አባቴ አኮረፉ። ለሃያ ደቂቃ ያህል አልተናገሩም። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ሽቦ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈታቸው ሰየሙ። ሞተሩ ሲመለስ መካኒኩ የትኛው የየት እንደሆነ የጠየቀው እሳቸውን ነው። በየቤታችን መኪናዋን ለዓመታት የነዳ፣ ጉልበቱ የደከመ ግን እውቀቱ ያልደከመ ሰው አለ። "አይችሉም" ብሎ ከማስቀመጥ ይልቅ የሚችሉትን ቦታ መስጠት ይቻላል። ልጆችም እንደዚያው ናቸው። ከርቀት ፎቶ የሚያነሳ ልጅ ሥራ ስላለው አይሾልክም። ቦታ ያልተሰጠው ነው ኳሱን ተከትሎ ከመኪናዋ ሥር የሚገባው።

የወጪውን ነገር በግልጽ እንነጋገር። በቤት መሥራት የሚያተርፍላችሁ የእጅ ዋጋ ነው፤ ያውም ከፊሉን። ለዚያ ሲባል የሰው እግር ወይም ዓይን ለአደጋ አይሰጥም። ስለዚህ ከመጪው እሑድ በፊት እነዚህን አምስት ነገሮች ቁጠሩ፦ ደልዳላ ወለል፣ ሁለት የብረት መቆሚያ፣ የፊት ጎማ ታኮ፣ እሳት ማጥፊያ፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት ይህን ሥራ የሠራ አንድ አዛዥ። አምስቱም ካሉ ሥራው አስደሳች የቤተሰብ ቀን ይሆናል። አንዱ ከጎደለ ቮልሷ ተጎትታ ጋራዥ ትሂድ፤ ወይም ሌላ ሳምንት ትጠብቅ። ይህን ያህል ዓመት የጠበቀች መኪና አንድ ሳምንት አይከብዳትም።