ካርዱን የበላው ማን ነው?

«ለቤታችን ታብሌት አንቲቫይረስ ያስፈልገዋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከእናቶች ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። መልሱን ያወቅሁት ተሳስቼ ስለሆነ ከስሕተቴ ልጀምር።

ታብሌቱን የላከችልን ውጭ አገር የምትኖረው የባለቤቴ እህት ናት። ሲም ካርድ ስለሚወስድ ልጆቹ ትምህርት ያወርዱበታል፣ እኔም ለሰንበት ትምህርት እዘጋጅበታለሁ። አንድ ሰሞን የምሞላው ካርድ ሁሉ ይጠፋ ጀመር። ጠዋት 50 ብር ብሞላ ማታ ባዶ ነው። ሰባተኛ ክፍል የሆነውን ልጄን ጠራሁት። «ጨዋታ ስታወርድ ነው የጨረስከው!» አልኩት። «እማዬ፣ እኔ አልነካሁም» አለኝ። አላመንኩትም። ውሸታም አልኩት፤ ታብሌቱንም ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ከሦስት ቀን በኋላ ለራሴ ሥራ ካርድ ሞልቼ መልሼ ቆለፍኩት። ጠዋት ስከፍተው ሒሳቡ የለም። ቁልፉ ያደረው ከእኔ ዘንድ ነበር። ያን ጊዜ ልቤ ደነገጠ።

ከዲላ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ የጉባኤያችን ወጣት ቡና እየጠጣ መረመረልን። «እትዬ፣ ይህችን አረንጓዴ ጋሻ ማን ጫናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። የጫንኳት እኔ ነበርኩ! የምግብ አሠራር ሳነብ «ታብሌትዎ በ13 ቫይረስ ተይዟል፤ አሁኑኑ ያጽዱ» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቅ ሲል ፈርቼ ተጭኜዋለሁ። ጠባቂ ብዬ ያስገባኋት ሌባ ሆና ተገኘች። ከጀርባ ማስታወቂያ እየከፈተች ኢንተርኔቱን ትበላለች፤ ሳናውቀውም በክፍያ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት አስመዝግባናለች።

እህቴ ሆይ፣ ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 «ቫይረስ ሺልድ» የተባለ መተግበሪያ በጉግል ፕሌይ ስቶር በ3.99 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ከ10,000 በላይ ሰዎችም ገዙት። ሲመረመር ሥራው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፦ ሲነካ የምልክቱን ሥዕል መለወጥ! ጉግል አስወግዶት ለገዢዎች ገንዘባቸውን መለሰ። በ2019 ደግሞ ኤቪ ኮምፓራቲቭስ የተባለው የኦስትሪያ መርማሪ ተቋም 250 የአንድሮይድ አንቲቫይረሶችን ፈተነ። ከቀረቡላቸው ጎጂ መተግበሪያዎች ከመቶ 30 እጁን እንኳ ለይተው፣ ንጹሑን በሐሰት ሳይከሱ ያለፉት 80 ብቻ ነበሩ።

ታዲያ አንቲቫይረስ አያስፈልግም ማለት ነው? ነገሩን እንለየው። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ ስንሰካ ፎልደሮቻችንን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ሁላችንም እናውቀዋለን። የታብሌት አሠራር ግን ይለያል። እያንዳንዱ መተግበሪያ በየራሱ ክፍል ተዘግቶ ይኖራል፤ እኛ ካልፈቀድንለት የሌላውን ክፍል አይከፍትም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ክፉው የሚገባው በሩን ሰብሮ ሳይሆን እኛው «እሺ» ብለን ስንከፍትለት ነው። በዚህ ላይ ፕሌይ ስቶር ያለው የአንድሮይድ ታብሌት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባል ጠባቂ አለው፤ መተግበሪያዎችን በነጻ ይፈትሻል። አይፓድ ከሆነ ደግሞ መተግበሪያ በአብዛኛው የሚገባው ከአፕል መደብር ስለሆነና አንዱ መተግበሪያ ሌላውን መፈተሽ ስለማይችል አንቲቫይረስ መግዛት ትርፍ የለውም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ የደኅንነት ማሻሻያ ለሚደርሰውና ከፕሌይ ስቶር ብቻ ለሚጫንበት የቤት ታብሌት ሌላ አንቲቫይረስ አያስፈልግም። ታብሌቱ አርጅቶ ማሻሻያው ከቆመ፣ ወይም ልጆች ከየቦታው ፋይል የሚያስገቡ ከሆነ፣ የታወቀ ድርጅት የሠራውን አንድ ነጻ አንቲቫይረስ ከፕሌይ ስቶር መጫን ይጠቅማል። ሁለት መጫን ግን ታብሌቱን ማዘግየት ነው።

አንቲቫይረስ የማይደርስበትም ችግር አለ። በነሐሴ 2020 (እ.ኤ.አ.) አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ድርጅት በ53,000 ያህል የቴክኖ ደብልዩ 2 ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስ ሄልፐር የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች ማግኘቱን ገለጠ። ትሪያዳ ስልኩ ሲሸጥ አብሮ የመጣ ነበር። ከአገሮቹ አንዷ ኢትዮጵያችን ነበረች። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ አገልግሎት ያስመዘግቡ ነበር። አምራቹ ትራንሽን ጥፋቱ በአቅርቦቱ መንገድ ላይ ያለ ሌላ አቅራቢ መሆኑን ተናግሯል። እንዲህ ያለው ስልኩ ተሰርዞ እንደ አዲስ ሲጀመር እንኳ ላይጠፋ ይችላል። ስለዚህ ታብሌት ስትገዙ ርካሽነቱን ብቻ አትዩ፤ ማሻሻያ ይደርሰው እንደሆነ ጠይቁ።

በቤታችን የጀመርናቸውን እነሆ፦

1. ፕሌይ ስቶርን ከፍተን፣ ከላይ ያለውን የመለያ ምልክት ተጭነን፣ ፕሌይ ፕሮቴክት መብራቱን እናያለን።
2. በቴሌግራም የተላከ ወይም በዜንደር ከጓደኛ የመጣ መተግበሪያ አንጭንም። ኢንተርኔት ውድ ስለሆነ መቀባበል እንደለመድን አውቃለሁ፤ ዘፍና መዝሙር ሳይሆን መተግበሪያ ሲሆን ግን ያስጠይቃል።
3. «ቫይረስ ተገኘ» የሚል ገጽ ሲመጣ ምንም ሳንነካ እንዘጋዋለን። ድረ ገጽ የታብሌታችንን ውስጥ ፈትሾ ቫይረስ ሊያገኝ አይችልም።
4. ባትሪ የሚያበራ መተግበሪያ መልእክት ላንብብ፣ ስልክ ቁጥሮችን ልይ ካለ አንፈቅድም።
5. ካርድ ያለ ምክንያት ካለቀ በ994 ደውለን ያልጠየቅነው አገልግሎት መኖሩን እንጠይቃለን።
6. ቴሌብር ልጆች በሚጫወቱበት ታብሌት ላይ አይኖርም። የምስጢር ቁጥሩንም ለማንም አንናገርም።

የመጨረሻው በተለይ ለይርጋጨፌና ለወናጎ እናቶች ነው። የቡና ወቅት ሲደርስ የዓመቱ ገንዘብ በስልክ ውስጥ የሚያድርበት ቤት ብዙ ነው። የአንድ ቀን ቸልተኝነት የልጅን የትምህርት ቤት ክፍያ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ወጣቱ ያችን ጋሻ አጥፍቶልን ሲሄድ ካርዱ መጥፋቱ ቆመ። እኔ ግን አንድ ዕዳ ቀረብኝ። ማታ በእራት ላይ፣ አባቱና እህቱ እየሰሙ፣ «ልጄ፣ ውሸታም ያልኩህ በስሕተት ነው፤ ሌባውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «እሺ እማዬ» አለኝ። ከሳምንት በኋላ ታብሌቱን ይዞ መጣ። «እማዬ፣ ይኼ ቀይ ነገር መጣ፤ አልነካሁትም» አለኝ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጅ ያጠፋውን ሳይደብቅ መጥቶ የሚነግረን ከሆነ ከማንኛውም አንቲቫይረስ ይበልጣል። እንዲነግረን ደግሞ ሲነግረን እንመነው።