መጀመሪያ ይፈተን፣ ከዚያ ይሸጥ!

ለቤሌ አዛውንት «ደም ያዘዋውራል» እያሉ የዕፅ ዱቄት መሸጥ ሕክምና አይደለም። ለየትኛው ሕመም? በወላይታ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው እብጠት ሌላ ነው፤ መፍትሔውም ጫማና የእግር ንጽሕና ነው። የደም ቧንቧ ጠቦ ሲራመዱ ባት የሚይዘው ሕመም ደግሞ ሌላ ነው።

ለዚህኛው በዓለም ገበያ ጊንኮ የተባለ ዕፅ ይቸበቸባል። ተፈትኗል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ እ.ኤ.አ. በ2013 በ739 ሰዎች ላይ የተደረጉ 14 ሙከራዎችን መርምሮ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘም። በባለሙያ ክትትል የሚደረግ የእግር ጉዞ ግን ሕመምተኛው የሚራመደውን ርቀት ያረዝማል።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» ይባላል። ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው፤ ትል ያስወጣል፣ መጠኑ ሲያልፍ ግን ዓይን ይጎዳል።

ፈተናው ግልጽ ነው። ለግማሾቹ ዱቄቱ፣ ለግማሾቹ እሱን የሚመስል ባዶ ዱቄት ይሰጥ፤ ማን የቱን እንደወሰደ ሰጪውም ተቀባዩም ሳያውቅ የተራመዱት ርቀት ይለካ። ይህን ሳያደርጉ መሸጥ፣ በአዛውንቱ እግር ላይ፣ በአዛውንቱ ገንዘብ መሞከር ነው።