ጀሪካኑ ላይ ቀን እንጻፍ

ክብደት የመቀነስ ነገር ሲነሳ በመካከላችን ሁለት ዓይነት ወሬ ነው የሚሰማው። አንደኛው “በአንድ ወር 10 ኪሎ ጣልኩ” የሚለው ነው፤ እራት በመተው፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ በመጠጣት ወይም ከእጅ ወደ እጅ በሚሸጥ ቅጠልና ዱቄት። ሁለተኛው “ተይው፣ የዘር ነው” የሚለው ነው። ሁለቱም አያዋጡንም እንላለን። ዶራሌ ወደብ ላይና በዙሪያው እየሠራን ልጆቻችንን እዚህ ለምናስተምር ቤተሰቦች የሚሻለው ቀስ ብሎ መሄድ ነው፤ እሱም ከሰውየው ሳይሆን ከድስቱ ሲጀመር።

ከድስቱ ያልንበት ምክንያት አለን። የእኛ ሰው ለብቻው ሰሐን ይዞ አይበላም። ትሪው አንድ ነው፣ ወጡም አንድ ነው። እናት ብቻዋን “ዳየት” ጀምራ የተቀቀለ ካሮት ይዛ ጥግ ብትቀመጥ ነገሩ ከሳምንት አያልፍም፤ ቢያልፍም ጉርሻው አይለቃትም። የሚለወጠው የጋራው ድስት ሲሆን ግን ማንም የተቀጣ አይመስለውም።

ለምን አሁን? አኗኗራችን ስለተለወጠ ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ዳገት ቁልቁለቱ በእግር በሚወጣበትና በሚወረድበት አገር ነው። እዚህ ሾፌሩ ከጋላፊ እስከ ፒኬ 12 ወንበር ላይ ነው፤ የትራንዚት ሠራተኛው ኤርኮንዲሽን ሥር ሰነድ ሲያገላብጥ ይውላል። በበጋው ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ “በእግሬ ልሂድ” የሚል ሰው ጤነኛ አይመስልም። እራት ከፈረቃ በኋላ፣ በሌሊት ይበላል፤ ወዲያው ይተኛል። ከዚያ በየቤቱ የግፊትና የስኳር መድኃኒት ይመጣል። በሰው አገር የቤቱ ሠራተኛ ሲታመም ጤናው ብቻ አይደለም የሚናጋው፤ የቤት ኪራዩም የልጆቹ ክፍያም አብሮ ይናጋል።

ደግነቱ፣ ጥቅሙ እንዲጀምር ብዙ ኪሎ መጣል አያስፈልግም። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ወይም 5 ኪሎ ሲቀንስ ግፊቱና ስኳሩ መሻሻል ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተጋለጡ 3,234 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ አመጋገባቸውን አስተካክለው ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት፣ ምንም ካልተለወጠላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው የመያዛቸው ነገር በ58 በመቶ ቀነሰ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቀነስኩ ብሎ የሚያፍር ሰው ካለ አይፈር፤ ሐኪሞችም የሚመክሩት በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው። ወደ አገራችን የሚሄደው የፓልም ዘይት፣ ስኳርና ስንዴ በጅቡቲ ወደቦች በዓይናችን ሥር ያልፋል፤ ከዚያው የተወሰነው እኛው ድስት ውስጥ ይገባል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። አዲስ አበባ በክረምት ጠዋት ጀሪካኑን ያነሳ ሰው ያውቀዋል። እዚህ በሙቀቱ ፈሶ ስለሚታይ ያታልላል።

ሒሳቡን እንሥራው። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በ30 ቀን ይጨርሳል እንበል። ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህ ወደ 275 ካሎሪ ነው፣ ገና እንጀራው ሳይቆጠር። ያንኑ ጀሪካን 40 ቀን ብናደርሰው እያንዳንዱ ሰው በቀን 70 ካሎሪ ያህል ይቀንሳል። በዓመት ሲባዛ በወረቀት ላይ 3 ኪሎ ገደማ ስብ ይሆናል። ሰውነት እንደ ወረቀት አይታዘዝምና በተግባር ከዚያ ያንሳል፤ ቢሆንም ማንም ሳይራብ የመጣ ለውጥ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ጀሪካኑ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ላዩ ላይ መጻፍ። በየቀኑ ሚዛን ላይ ከመውጣት ይሻላል። ሚዛን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይዋዥቃል፣ ሰውንም ያስከፋል፤ ጀሪካኑ ግን አይዋሽም።

ወጡ ይበላሻል የሚል ስጋት እንዳለ እናውቃለን። ግን ባለሙያ እናቶቻችን ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ጠብ ጠብ ውሃ እያደረጉ ነበር የሚያቁላሉት፤ ዘይቱ ወይም ቅቤው የሚገባው ሽንኩርቱ ከበሰለና ከጠየመ በኋላ ነው። ዘይት በብዛት የሚፈሰው ስንቸኩል ነው፤ የጊዜን ቦታ ይሸፍናል። ከሥራ ደክማ ለምትገባ እናት “ሽንኩርት አንድ ሰዓት አቁላዪ” ማለት ደግሞ ግፍ ነው። ሐሙስ ማታ ወይም ዓርብ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት፣ የሳምንቱን ቁሌት አንዴ አቁላልቶ በየዕቃው ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ሽንኩርቱን አባትም ሊከትፈው ይችላል፤ እንባው ለሁሉም እኩል ነው።

ሁለተኛው ስኳር ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮካኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም ይውረድ ይላል። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም ስለ ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ የሚለው ተመሳሳይ ነው። እዚህ ለስላሳ የሚጠጣው ለጥም ነው፣ ከጫት ጋር የሚጠጣው ሳይቆጠር። ጫት ያከሳል የሚሉ አሉ። ቀን የምግብ ፍላጎት መዝጋቱ እውነት ነው፤ አብሮት የሚገባውን ስኳርና ሌሊት የሚካካሰውን እራት ግን ማን ይቆጥራል?

ለጥም ውሃ አለን። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሶማሌ ክልል ከሐዲጋላ የከርሰ ምድር ውሃ በቧንቧ ወደዚህ ይመጣል፤ በ2021 ደግሞ እዚሁ ዶራሌ የባሕር ውሃን ጨው እያስወገደ የሚያጣራ ፋብሪካ ተመርቋል። ያን ያህል የተደከመበትን ውሃ ትተን ባለ ቀለም ስኳር መግዛታችን ያስገርማል። ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ የለመደ ሰው በየወሩ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ቢቀንስ፣ በሚቀጥለው ዓመት የድሮው ሻይ ሽሮፕ ይሆንበታል።

ጾሙስ? ሁዳዴን 55 ቀን ጾመን፣ ወይም ረመዳንን ጨርሰን ኪሎ ሳይቀንስ ስናገኘው የምንገረም አለን። ጾም ለነፍስ ነው፣ ለሚዛን አልታዘዘም፤ ግን ማታ ማታ ሳምቡሳና ፓስቲ በዘይት እየጠበስን ሥጋ መተዋችን ብቻ አያከሳንም። በሌላ በኩል አዚፋ፣ ንፍሮ፣ ጎመን፣ ተልባ የሞላበት የጾም ገበታ ያለን ሕዝብ ነን፤ ለጤናማ ምግብ ሩቅ መሄድ የለብንም። ዓሣውም ደጃችን ነው። የየመን ቤቶች ከፍለው እምድጃ ውስጥ የሚጋግሩት ዓሣ ከጥብሳችን ያነሰ ዘይት ነው ያለው፤ አጠገቡ ከሚመጣው ትልቅ ቂጣ ግማሹን ለጎረቤት ማካፈል ነው።

አንድ የሚያስቸግረን ነገር ምላሳችን ነው። ክረምት አገር ቤት ስንገባ የወፈረውን “ተመችቶሃል! አገሩ ተስማምቶሃል” ብለው ይቀበሉታል፤ የከሳውን “ምነው፣ ታመህ ነው?” ይሉታል። መክሳት የስደት ጉስቁልና ምልክት ስለሆነ ነው። ዘመዶቻችንን በአንድ ክረምት አንለውጣቸውም። ሰላምታውን ተቀብሎ ሦስተኛውን ጭልፋ “እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ” ማለት ግን ይቻላል።

እናንተ ልጆች፣ ይህ ሁሉ የተጻፈው ለእናንተ አይደለም፤ ማለትም ኪሎ እንድትቀንሱ አይደለም። እያደጋችሁ ነው፤ ምሳ መዝለል ቁመታችሁንም ትምህርታችሁንም ይጎዳል። ስለ ክብደቱ የሚጨነቅ ልጅ ካለ ከወላጁና ከሐኪም ጋር ይነጋገር። ከእናንተ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ጨዋታና ሩጫ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ወይም ከጠለቀች በኋላ፤ እና ማንንም “ዱባ” ብሎ አለመጥራት። በዚህ ስም የተጠራ ልጅ በግልጽ መብላት ትቶ ተደብቆ መብላት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ምንም ድስት አያድነውም። መምህራንም ልጆችን በክፍል ፊት መመዘን አይገባም እንላለን።

የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ወላጆች ምግባቸውን ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ በተለይ የስኳር መድኃኒት ባነሰ ምግብ ላይ ሲወሰድ ስኳርን አለቅጥ ሊያወርድ ይችላል።

ለወላጅ ኮሚቴው ያለን ሐሳብ የሚቀጥለውን ዓመት መዝጊያ በዓል ይመለከታል። በየዓመቱ በሣጥን የሚደረደረው ለስላሳ በግማሽ ይቀነስ፤ በቦታው በበረዶ የቀዘቀዘ ውሃና የተቆረጠ ሐብሐብ ይቅረብ። ሙሉ በሙሉ ይከልከል አላልንም፤ ልጆቹ ያምፃሉ፣ አባቶችም ጭምር። በተከታዩ ዓመት እንደገና ግማሽ። ሐብሐቡን ለመቁረጥ እኛ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቢላችንን ይዘን እንገኛለን።