ለቀብሩ ድንኳን አለ፤ ለመዳኑስ?

አምቦ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን "ሀገረ ሕይወት" ትባል ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ በአገሩ ሁሉ የታወቀችው በውሃዋ ነው። የማዕድን ውሃዋ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ሲታሸግ ኖሮ፣ ዛሬ ሞያሌም ይሁን ጎንደር "አምቦ" ብሎ ላዘዘ ሰው ጠርሙስ ይመጣለታል።

ማታ ማታ ግን የውሃዋ ከተማ ሌላም ትጠጣለች። ጊንጪም፣ ጉደርም፣ ጌዶም፣ ባኮም እንዲሁ። መቼም ይህ የምዕራብ ሸዋ ብቻ ችግር አይደለም። ሥራ የፈታ ወጣት በበዛበት፣ አንድ መለኪያ አረቄ ከምሳ በሚረክስበት ከተማ ሁሉ ያለ ነው።

ስለ መጠጥ ጉዳት ብዙ ተብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰው በአልኮል ምክንያት መሞቱን አስታውቋል። ግን ይህን ቁጥር ሰምቶ መለኪያውን ያስቀመጠ ስንት ነው? ጠጪው ጉዳቱን ከመካሪው በላይ ያውቀዋል። ጉበቱ የራሱ ነው፤ የተሸጠው ቴሌቪዥን የራሱ ነው፤ ማታ በሩን ከፍታለት አንድ ቃል ሳትናገር የምትመለሰው የራሱ ሚስት ናት። ብዙ ያልተባለው ሌላ ነገር ነው። ሰውየው "በቃኝ" ካለ በኋላ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ምን ይሆናል?

ፍላጎት የሌለው ማን ነው?

የሰፈሩ ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ፍላጎት የለውም እንጂ ቢፈልግማ ይተወው ነበር።" ይህ ፍርድ ሁዳዴ ሲገባ ይፈርሳል። ሁሉም ባይችልም፣ በየዓመቱ ለ55 ቀን መለኪያ ሳይነካ የሚከርም ጠጪ ብዙ ነው። ሰውየው ያው ነው፤ ኪሱም ሰፈሩም ያው ነው። ፍላጎት የሌለው ሰው እንዴት 55 ቀን ይቆያል?

ታዲያ ፋሲካ ሲመጣ ምን ተለወጠ? የተለወጠው ዙሪያው ነው። በጾሙ ወቅት ጓደኞቹም ይጾማሉ። "አንድ ብቻ" የሚል የለም። ከሥራ በኋላ የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን አለ። ቢጋበዝ እንኳ "ጾም ነኝ" የምትለዋ አጭር መልስ ሁሉንም ታስቆማለች። ፋሲካ ሌሊት እነዚህ ድጋፎች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። ሰውየው በማግስቱ ሲሰክር "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" ይባልበታል።

በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትም የሚታየው ተመሳሳይ ነው። መጠጥ ትቶ ወደዚያ የገባ ሰው ለብዙ ዓመት ጸንቶ ሲቆይ ሰፈሩ ይደነቃል። ሰውየው ያገኘው ግን እምነት ብቻ አይደለም። የመዘምራን ልምምድ፣ የጸሎት ፕሮግራም፣ ሲቀር ቤቱ ድረስ መጥቶ "ምነው ጠፋህ?" የሚለው ሰው አግኝቷል። በአጭሩ፣ ማታውን የሚያሳልፍበት ቦታ አግኝቷል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። የመለወጥ ፍላጎት ሰው ብቻውን ከውስጡ ቀድቶ የሚጨርሰው ነገር አይደለም። ጠዋት ላይ ራሱን እያመመው "ከዛሬ ጀምሮ አልጠጣም" የማይል ጠጪ የለም። ያ ፍላጎት እስከ ማታ የሚቆየው የሚደግፈው ሲያገኝ ነው። ፍላጎቱ እስኪጠነክር የሚጠብቅ ሰው ሲጠብቅ ይኖራል። መጀመሪያ አንድ ማታ ይታለፋል፤ ከዚያ "ለካ ይቻላል" የሚለው ሐሳብ ይመጣል። ብርታቱ ከሥራው በኋላ ነው የሚከተለው።

አስቸጋሪው 11 ሰዓት

አንድ የባጃጅ ሹፌር ይታሰብ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ 11 ሰዓት ላይ ባጃጁን ያቆማል። ለ10 ዓመት ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የት እንደሚሆን ተጠይቆ አያውቅም፤ እግሩ ራሱ ይወስደው ነበር። እዚያ ጓደኛው አለ፤ የሥራ ወሬ አለ፤ ብድር የሚገኘውም፣ የተጣላ የሚታረቀውም እዚያው ነው። ይህ ሰው "መጠጥ ተው" ሲባል የሚተወው ፈሳሹን ብቻ አይደለም። አራት ሰዓት ሙሉ ከነሰዉ፣ ከነወሬው፣ ከነጨዋታው ይተዋል። በምትኩ ምን ተሰጠው? ቤቱ ሄዶ ግድግዳ ማየት። እዚያም የሚጠብቀው ያኮረፈ ቤተሰብ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድነው ትልቅ ዓላማና ትልቅ ንግግር አይደለም። 11 ሰዓት ላይ የሚሄድበት ቦታ ነው። የማታ ትምህርት፣ የእግር ኳስ ልምምድ፣ የወንድም ሱቅ ላይ መቆም፣ ከልጅ ጋር የቤት ሥራ መሥራት፣ ሁሉም ይጠቅማል። የተጠጣበት መንገድ እንኳ ቢቀየር ይጠቅማል፤ በአረቄ ቤቱ በር ላይ እያለፉ መታገል ጀግንነት አይደለም።

ጆርጅ ቬላንት የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ለአሥርተ ዓመታት የተከታተላቸውን ሰዎች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1983 በመጽሐፍ አውጥቶ ነበር። ከመጠጥ ወጥተው ጸንተው በቆዩት ሰዎች ሕይወት ውስጥ አራት ነገሮች ተደጋግመው አግኝቷል። አንደኛ፣ የመጠጡን ቦታ የሚይዝ ሌላ ልማድ፤ ሁለተኛ፣ ቢጠጣ ወዲያው የሚከተለውን መዘዝ የሚያስታውሰው ነገር ወይም ሰው፤ ሦስተኛ፣ ባለፈው በደል ያልተቆሳሰለ አዲስ ወዳጅነት፤ አራተኛ፣ ተስፋ የሚሰጥ ማኅበር ወይም እምነት። ከአራቱ ውስጥ ሰው ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ የሚያመጣው የትኛው ነው?

እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች የመረዳጃ ማኅበርም መነሻው ይኸው ነበር። ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። ብቻውን ሆኖ የሆቴሉ ቡና ቤት ሲጠራው፣ እንደ እርሱ የሚሰቃይ ሰው ፍለጋ ስልክ መደወል ጀመረ። በዚያ ፍለጋ ያገኘው ሐኪሙን ቦብ ስሚዝን ነው። ሁለቱ የተረዱት ቀላል ነገር ነበር፤ ጠጪ ሌላውን ጠጪ ሲረዳ ራሱም ሳይጠጣ ይውላል። ዛሬ ያ ማኅበር በብዙ አገር አለ።

አካሉም ይታከም

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሲያቋርጥ አካሉ ሊናወጥ ይችላል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። በአንዳንዱ ላይ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር ማየትና መስማት፣ እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥም ይመጣል። ይህ ሞትን ሊያስከትል የሚችል ሕመም ነው። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ የሚጸለይለትም ይጸለይለት። ግን አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይታይ። የከበደ ከሆነ አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። እምነትና ሕክምና አይጣሉም፤ የሚያጣላቸው ሰው ነው።

"ትቻለሁ" የማትሠራ መልስ

በአገራችን ልማድ ለማይጠጣ ሰው የተፈቀዱት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ ጾምና መድኃኒት። "ጾም ነኝ" ያለ ይከበራል፤ "መድኃኒት ጀምሬያለሁ" ያለ ይታዘንለታል። "ትቻለሁ" ያለ ግን ክርክር ይከፈትበታል። "ከመቼ ወዲህ?" "ጴንጤ ሆንክ እንዴ?" "ለእኔ ስትል አንድ ብቻ!" "ናቅኸን ማለት ነው?" ይህ ሁሉ በፍቅር የሚባል ነው፤ ጋባዡ ክፉ ሰው አይደለም። እንግዳ ተቀባይነት የምንኮራበት ባህል ነውና። ግን ያ አንድ መለኪያ የሦስት ወር ድካም ሊያፈርስ እንደሚችል የሚያስብ ጋባዥ ጥቂት ነው።

ማክበር ማለት አንዴ ጠይቆ መተው ነው። ሠርግ ላይ "አምቦ ይምጣልኝ" ያለ ሰው አምቦው ይምጣለት፤ ምክንያቱ አይጠየቅ።

ሕጉም የድርሻውን ሞክሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው መሸጥንም ከልክሏል። መልካም ነው። አረቄ ግን መቼ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ተሸጦ ያውቃል? ማስታወቂያው ጓደኛ ነው። አረቄ የምታወጣዋን እናት መውቀስም መፍትሔ አይሆንም፤ በዚያው እሳት ልጆች ታስተምራለችና። ብዙ ጊዜ እየቀመሰች የምታወጣው እርሷም ሳታስበው ትያዛለች፤ ሴት ስለሆነች ደግሞ ሕመሟን ከወንዱ በላይ ትደብቃለች።

የሚያድገው ምንድን ነው?

መጠጥ ያቆመ ሰው በስድስት ወሩ ወፍሮ፣ ልብሱ ጸድቶ ሲታይ "ተለወጠ" ይባላል። እውነተኛው ለውጥ ግን ከዚያ ዘግይቶ፣ ቤት ውስጥ ነው የሚታየው። ሚስቱ አሁንም ደመወዙን ትቆጥራለች። ልጁ አባቱን ሲስመው ትንፋሹን ያሸታል። ሰውየው በዚህ ጊዜ "ስድስት ወር አልጠጣሁም፣ ምን ቀረኝ?" ብሎ መቆጣት ይከጅለዋል። እዚህ ላይ ሳይቆጣ መታገሥ የቻለ ሰው ነው ያደገው። እምነት በአንድ ማታ አልጠፋም፤ በአንድ ወርም አይመለስም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ኦሮሞ በጃርሱማ ሲያስታርቅ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ይክሳል። ለመጠጥ ያቆመም ሰው ይህ መንገድ ይጠቅመዋል። የተበደረውን ዘርዝሮ በየወሩ ትንሽ ትንሽ መክፈል፣ የሰደበውን ቤቱ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ፣ ያልተገኘበትን ለቅሶ መድረስ። እነዚህ ሥራዎች "እኔ እኮ ምንም አልረባም" ከሚለው ሐሳብ ያወጡታል። ቢወድቅ እንኳ ያለፈው ወር አይጠፋም፤ መንገዱን ያውቀዋልና ከወደቀበት ይነሳል። አንድ ቀን ጠጣ ብሎ "አይ፣ አበቃለት" የሚል ሰፈር ግን መነሳቱን ያከብድበታል።

እድሩ የት አለ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ጠጪው ሲሞት ማን ይመጣል? ጡሩምባ ይነፋል። ድንኳን ይተከላል። ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ ብረት ድስቱ ከእድር ቤት ይወጣል። ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ለሦስት ቀን ቤተሰቡ ብቻውን አይተውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው እዚያ ድንኳን ውስጥ በተግባር ይታያል። ሟቹ በሕይወት ሳለ ብቻውን በታገለባቸው 11 ሰዓቶች ሁሉ ግን ይህ ኃይል የት ነበር?

እድር አዲስ ድርጅት፣ አዲስ በጀት፣ የውጭ እርዳታ አያስፈልገውም። የአባላት ስም አለው፣ ወርሃዊ መዋጮ አለው፣ ቤት አለው፣ ሽማግሌ አለው። በየእድሩ ሦስት ሰው ቢመደብ፣ ቢቻል አንዱ ራሱ ከመጠጥ የወጣ ቢሆን፣ ለጀመረው ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ጤና ጣቢያ አብሮት የሚሄድ፤ 11 ሰዓት ላይ ባጃጁ የሚቆምበት ቦታ መጥቶ "ና እንሂድ" የሚል፤ ወደ መጠጥ ቤት ይሄድ የነበረውን ገንዘብ ዕቁብ የሚያስገባው። የእድር ስብሰባ ላይም ጠላና አረቄ ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም።

"ምስጢሩ ይወጣል፣ ሰው ያፍራል" የሚል ይኖራል። ተገቢ ስጋት ነው፤ የተመደቡት ሰዎች አፍ የሚጠብቁ መሆን አለባቸው። ግን የትኛው ምስጢር? ሰውየው ቦይ ውስጥ ሲወድቅ ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። ተደብቆ ያለው መውደቁ ሳይሆን ለመነሳት ያደረገው ሙከራ ነው። "እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው" የሚልም አይጠፋም። እንዲያ ከሆነ ቀብር መቀነስ የማንም ሳይሆን የእድር ጥቅም ነው።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ፣ መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ፣ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ይህን ጥያቄ ያንሳ። ሦስት ሰው ለመምረጥ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ብቻውን ለሚታገለው ብርታት፣ ለሰፈሩም ልብ ይስጥ።