ቫርኒሽ ጥፋት አይሸፍንም

የሞዴል አውሮፕላን ሥራ ለብዙ ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። በጉዞ ወኪል ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የቆመችውን ትንሽ አውሮፕላን አይቶ «ታምራለች» ብሎ የሚያልፍ እንጂ፣ ጅራቷ ላይ ያለው አርማ በምን እንደተለጠፈ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ የትንንሽ ነገሮች ሙያ ግን ለትልልቅ ተቋማት ጭምር የሚጠቅም ትምህርት አለው። ላይ የታየ ብልሽት ብዙ ጊዜ የተፈጠረው ከሥር ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ቦይንግ 787-8 ርዝመቱ 56.7 ሜትር ገደማ ነው። በ1/144 ልኬት ሲሠራ 39 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚያች አካል ላይ መስኮቱን፣ ባንዲራውንና የአየር መንገዱን ስም በብሩሽ መጻፍ አይታሰብም። ስለዚህ ሠሪዎች ዲካል ይጠቀማሉ። ዲካል ማለት በጣም ስስ በሆነ ግልጽ ፊልም ላይ የታተመ ሥዕል ነው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲነከር ከወረቀቱ ይላቀቅና ወደ ቦታው ይንሸራተታል። በመጨረሻ ግልጽ ቫርኒሽ ይረጭበታል። ቀለም፣ ዲካል፣ ቫርኒሽ፤ አንዱ ድርብ በሌላው ላይ ይተኛል። ችግሩም የሚጀምረው በድርቦቹ መካከል ነው።

የመጀመሪያው ሠሪዎቹ «ሲልቨሪንግ» የሚሉት ነው። ዲካሉ ሲደርቅ በፊደሎቹ ዙሪያ ያለው ግልጽ ፊልም ነጣ ብሎ እንደ ብር ያብለጨልጫል። አንዱ ዲካሉን ይረግማል፤ ሌላው ቫርኒሽ ደርቦ ሊያጠፋው ይሞክራል። ሁለቱም ስተዋል። ያ ብርማ ነገር የታፈነ አየር ነው። ደብዛዛ ቀለም ለዓይን ልስልስ ቢመስልም ገጹ ሸካራ ነው። ፊልሙ በጉብታዎቹ ላይ ያርፍና ከሥሩ ባሉት ጉድጓዶች አየር ይቀራል። መድኃኒቱ ከዲካሉ በፊት አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀብቶ ገጹን ማለስለስ ነው። ይህ ካመለጠ ቦታውን በቀጭን መርፌ ወግቶ እንደ ማይክሮ ሶል ያለ ማለስለሻ ፈሳሽ ማስገባት ይቻላል። ፊልሙ መጀመሪያ ይሸበሸባል፤ ጣት ካልነካው ሲደርቅ ራሱ ይተኛል። ቫርኒሹ አስቀድሞ ከተደረበበት ግን ፈሳሹ ወደ ውስጥ መግቢያ አያገኝም። አየሩም እዚያው ታሽጎ ይኖራል።

ሁለተኛው ነጭ ጭጋግ ነው። ቫርኒሹ ሲደርቅ አውሮፕላኑ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። እዚህ ላይ ምክንያቱ አንድ አይደለም። ቀኑ እርጥበት ያለው ከሆነና የተረጨው ቶሎ የሚተን የላከር ዓይነት ከሆነ፣ ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩም እርጥበት እላዩ ላይ ያርፋል። ደብዛዛ ቫርኒሽ ከሆነ ደግሞ ማደብዘዣው ዱቄት ጠርሙሱ ሥር ዘቅጦ፣ በደንብ ሳይነቃነቅ ተረጭቶ ይሆናል። ለመጀመሪያው ደረቅ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የሚፈልገው ጠርሙሱን በደንብ ማማሰል ብቻ ነው። ምክንያቱን ሳይለይ ደግሞ የሚረጭ ሰው ጭጋጉን ያወፍረዋል።

ሦስተኛው መሸብሸብና መሰንጠቅ ነው። ኃይለኛ ቲነር ያለው ላከር በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ሲረጭ የዲካሉን ፊልም ሊበላው ይችላል። ከሥር ያለው የኢናሜል ቀለም ገና ካልጠነከረ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ይኮማተራል። ኢናሜል በእጅ ሲነካ የደረቀ መስሎ ውስጡ ለቀናት ለስላሳ ሊሆን ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ጥንቃቄው ቀላል ነው። መጀመሪያ ጤዛ የመሰለ ስስ ርጭት ይረጫል፤ ይጠበቃል፤ ከዚያ ይደገማል።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ችላ ሊባልም አይገባም። ጥፋቱ የፋብሪካው ቢሆንስ? ይሆናል። ሳጥን ውስጥ ለዓመታት የቆየ ዲካል ይቢጫል፤ ውሃ ሲነካው እንደ ብስኩት ይሰባበራል። ወፍራም ሆኖ የታተመም አለ። ይሁንና ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ከወረቀቱ ጥግ የማያስፈልግ አንድ ምልክት ቆርጦ ውሃ ውስጥ መክተት ብቻ ነው። ከተሰባበረ የቀረው ወረቀት በሙሉ ግልጽ ፊልም የሚሆን ፈሳሽ ይቀባና እያንዳንዱ ምልክት ለየብቻው ተቆርጦ ይወጣል። ቫርኒሹም አውሮፕላኑ ላይ ከመረጨቱ በፊት በተቀባ የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ይሞከራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ዋጋው የአንድ ማንኪያ ዋጋ ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ ክንድ ለማትሞላ ፕላስቲክ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ እውነተኛውን አውሮፕላን ይመልከት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ኤርባስ ኤ350 ገላው በአብዛኛው የካርቦን ውሁድ ነው። ከቀለሙ ሥር ከመብረቅ የሚጠብቅ ስስ የመዳብ መረብ አለው። የኳታር አየር መንገድ በኤ350 አውሮፕላኖቹ ላይ ቀለሙ እየተሰነጠቀና እየተላጠ የመዳቡ መረብ ተጋለጠ ሲል ቅሬታ አቀረበ። የአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ከ20 በላይ አውሮፕላኖችን ከበረራ አገደ። ኤርባስ የገጽ መበላሸት መኖሩን ቢያምንም ለበረራ ደኅንነት አያሰጋም አለ፤ የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ተቆጣጣሪም በዚህ ተስማማ።

ክርክሩ በታኅሣሥ 2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ፍርድ ቤት ደረሰ። የካሳ ጥያቄው ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ኤርባስ በበኩሉ የ50 ኤ321ኒዮ አውሮፕላኖችን ትእዛዝ ሰረዘ። በየካቲት 2023 ሁለቱ ወገኖች ዝርዝሩ በምስጢር በተያዘ ስምምነት ታረቁ፤ የተሰረዘው ትእዛዝም ተመለሰ፤ ስምምነቱ የማንንም ጥፋተኝነት ማመን እንዳልሆነም ተገለጸ። መታረቃቸው መልካም ነው። ሆኖም ጉዳዩ ለችሎት ክርክር ሳይደርስ ስለተዘጋ፣ ከቀለሙ ሥር የሆነው ነገር ምስክር ቀርቦበት፣ ዳኛ ፈርዶበት በአደባባይ አልተሰማም። መንገደኛው ያገኘው የተጠገነ ገጽ ነው፤ ማብራሪያውን አላገኘም።

«የውበት ጉዳይ ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አነጋገሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ግን ጥያቄውን ሳይመልስ ይዘጋዋል። ስንጥቅ አውሮፕላን ባይጥልም አንድ ነገር ይናገራል፤ ከሥር ያሉት ድርቦች እኩል አልተንቀሳቀሱም፣ ወይም እኩል አልደረቁም፣ ወይም በደንብ አልተያያዙም። ደኅና ነው የሚል ተቋም የትኛው እንደሆነ የማስረዳት ዕዳ አለበት።

ይህን በአገር ቤት የሚያውቀው ብዙ ነው። ባቲላሜራ ቤት ዝገቱ ሳይፋቅ ስቱኮ ተለስኖ የተቀባ መኪና በክረምቱ ማግስት ቀለሙ ፊኛ ይነፋል። ለምረቃ ቀን ተብሎ እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ግድግዳም በዓመቱ ይላጣል። ከዚያ እንደገና በጀት ይያዛል፤ እንደገና ይቀባል። ላዩ ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ የሆነ ሥራ ሁሌም ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

ጥሩ ሞዴል ሠሪ ጭጋግ ወይም ስንጥቅ ሲያይ መጀመሪያ መርጫውን ያስቀምጣል። የትኛው ድርብ እንደታመመ ይለያል። አስፈላጊ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እስከዚያ ድርብ ይወርዳል፤ የአንድ ሳምንት ሥራውንም ያጣል። ያማል። ሌላ ድርብ መጨመር ቀላልና ፈጣን ነው፤ ለጥቂት ጊዜም ያምራል። ልዩነቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። የፋቀው ሰው አውሮፕላን መደርደሪያው ላይ እንዳማረ ይቆማል፤ የደረበው ሰው ግን አሁንም ቫርኒሽ ይገዛል።